ንግዱን ያውቁታል፤ ያጡት ዋስ ነው

ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው። ከብሎካችን ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ሰርቪስ ቤት፣ ከወልድያ የመጣች አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሌሊት 9 ሰዓት ትነሳለች። አብሲቷን ትጥላለች። ሊጡ ኩፍ እስኪል የልጆቿን ዩኒፎርም ታጥባለች፣ ከዚያ ምጣዱን ትሰካለች። ሲነጋ 60 እንጀራ በላስቲክ ጠቅልላ ለሁለት ሱቅና ለአንድ ቁርስ ቤት ታደርሳለች።

የተዋወቅነው በእርሾ ነው። ሰፈር በገባች በሁለተኛው ሳምንት ጆግ ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። "እህቴ፣ እርሾ ብታበድሪኝ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ከባዶ ይብላላ ቢባል ቀናት ይፈጃል፣ እሷ ደግሞ የምትጠብቅበት ቀን አልነበራትም። እኔ ጋ እርሾ አልነበረም፤ ከላይኛው ፎቅ ካሉት እትዬ ጠይቄ ሰጠኋት። በሳምንቱ ጆጉን ሞልታ መለሰች። ከዚያ ቡና መጠራራት ጀመርን።

እውነቱን ልናገር፣ ከጦርነት ሸሽታ መጥታ አሁን ገና ሥራ የጀመረች ሴት ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲኒውን እያጠበች "እኔኮ ወልድያ ምግብ ቤት ነበረኝ። ሦስት ሠራተኛ ነበረኝ" አለችኝ። በ2013 ነሐሴ የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ሲይዙ ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴ ሸሸች። ደሴም በጥቅምት 2014 ስትደፈር እንደገና መንገድ ጀመረች። ታኅሣሥ ላይ ወልድያ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች፤ የጠበቃት ባዶ ግድግዳ ነው። ፍሪጅ የለም፣ ወንበር የለም፣ ድስት እንኳ አልተረፈም። ከዘመድ ተበድራ እንደገና ከፈተች። ትንሽ እንደቆመች በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ገበያው ሞተ። ይኼኔ ነው አዲስ አበባ የገባችው።

ይህን ሁሉ የምናገረው በአንድ ቃል ስለማልስማማ ነው። ከጦርነት ስለተረፉ ሴቶች ሲወራ "ጀማሪ"፣ "ንግድ የሚጀምሩ"፣ "ሥራ ፈጣሪ እንዲሆኑ የሚሰለጥኑ" ይባላል። እኔ በዚህ አካባቢ ካወቅኳቸው ብዙዎቹ ጀማሪ አይደሉም። ነጋዴ ነበሩ። ትርፍና ኪሳራ ያውቃሉ፣ ሠራተኛ ቀጥረው ያውቃሉ፣ የደንበኛ ጠባይ ያውቃሉ። ጦርነቱ የወሰደባቸው ዕቃቸውንና የሚያውቃቸውን ሰው ነው። ዕቃ ይገዛል። የሚያውቅሽን ሰው ግን ከየት ትገዢዋለሽ?

ነገሩን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ በፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪቆም ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አድቅቋል። ከሱ በፊትም በኋላም ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ የገቡትን ብዙ ሰው ሰምቷል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የተወሰኑት ወደ አዲስ አበባ ጠርዝ ይመጣሉ፤ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከመሀል ከተማ ኪራዩ ይሻላል፣ ዘመድም አይጠፋም። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ይቆጠራል። አንድ ክፍል ተከራይታ ከጎረቤት የተቀላቀለች ሴት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ተፈናቃይ ተብላ አትገኝም። የዓለም ባንክ በ2014 ለግጭት ተጎጂ ማኅበረሰቦች 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ገንዘቡ የታሰበው ለተጎዱት ክልሎች ነው፣ ያም ትክክል ነው። የተሐድሶ ኮሚሽኑም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። ምግብ ቤቷ የተዘረፈባትና አራብሳ የገባች ሴት በሁለቱም መሀል ትወድቃለች።

አሁን ወደ ዋስ ልምጣ። ንግድ በእኛ አገር በእጅ ባለ ብር ብቻ አይሠራም። ወልድያ እያለች የጤፍ ነጋዴው ኩንታል ሰጥቶ በሳምንቱ ይቀበላት ነበር። ሥጋ ቤቱ በደብተር ይጽፍላት ነበር። ዕቁብ ነበራት፤ የጓደኛዋ ልጅ ሲታመም ዕጣዋን አሳልፋ ሰጥታ ያውቃል፣ እሷም ሲቸግራት ተሰጥቷታል። ይህ ሁሉ ካፒታል ነው፣ ግን ማንም ካሳ ሲቆጥር አይቆጥረውም። አራብሳ ስትመጣ ጤፍ በጥሬ ገንዘብ ነው የምትገዛው፣ ያውም በኪሎ። በኪሎ የሚገዛ ሰው በኩንታል ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ድህነቷ ራሱ ያስከፍላታል። ለሱቆቹ ደግሞ በዱቤ ነው የምትሰጠው፣ አዲስ ስለሆነች "ሲሸጥ ትቀበያለሽ" ይሏታል። ገዝታ በካሽ፣ ሸጣ በዱቤ። ይህን ሒሳብ የትኛውም ሥልጠና አያስተካክለውም።

የትግራይ ሴቶች ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ሰኔ 2013 ላይ እዚያ ባንክና ስልክ ከተዘጋ በኋላ አገልግሎቱ ወደ መቀሌ መመለስ የጀመረው በ2015 ታኅሣሥ አካባቢ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ማለት ነው። ገንዘቧን በጥንቃቄ ባንክ ያስቀመጠች ነጋዴ ደብተሩን ታቅፋ ተራበች። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንኩ ሲከፈት ቁጥሩ እዚያው አለ፣ የሚገዛው ዕቃ ግን ተመናምኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሱቅ ለመክፈት ስታጠራቅም የነበረች ሴት በአንድ ክረምት ምን እንዳገኛት አስቡት።

ስለ ወረቀት ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ትልቁ ግድግዳ እሱ ነው። የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የነዋሪነት መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የተረጋገጠ የቤት ኪራይ ውል ትጠየቃለሽ። መታወቂያ ለማግኘት ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ይፈለጋል። መሸኛውን የሚጽፍላት ቀበሌ ግን ጦርነት የደረሰበት ነው፤ መዝገቡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ የሚያውቋት ሊቀመንበርም ላይኖሩ ይችላሉ። ፋይዳ ትልቅ ነገር ነው፣ ባንኮችም እየጠየቁት ነው፣ ብታወጣው ይጠቅማታል። ግን ፋይዳ ማን እንደሆነች እንጂ የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነች አያረጋግጥም፣ ወረዳው ደግሞ የሚጠይቃት ሁለተኛውን ነው። በዚያ ላይ ለገጣፎና ቡራዩ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው፣ አራብሳ አዲስ አበባ። አንዲት ሴት እዚህ አድራ እዚያ ትሸጣለች፤ አንዱ ጋ ነዋሪ፣ ሌላው ጋ ነጋዴ፣ ወረቀት ላይ ግን የትም የለችም።

የኪራይ ውሉም እንዲሁ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይላል። ለተከራይ ጥሩ ሕግ ነው። አከራዮች ግን ውል ሲባል ግብር ይታያቸዋል። "እኔ ጣጣ አልፈልግም፣ ዝም ብለሽ ኑሪ" ይላሉ። ዝም ብላ ትኖራለች። በቃ፣ ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ደግሞ ብድር አይጠይቅም፣ ዋስ አያቀርብም፣ ደንብ አስከባሪ ዕቃዋን ሲወስድ አይከራከርም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጨምሩበት፤ ስለ ባሎች። በጦርነቱ ባሏ የሞተባት ሴት ቢያንስ ሞቱ ከተረጋገጠ ለራሷ የሚስትነት፣ ለልጆቿ የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት ጠይቃ ትቀበላለች። ባሏ የጠፋባት ግን? በሕይወት ይኑር ይሙት አይታወቅም። የባንክ ደብተሩ በስሙ ነው፣ የቤቱ ካርታ በስሙ ነው፣ ባጃጁም በስሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 154 ሁለት ዓመት ያህል ወሬው ላልተሰማ ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል ይላል። መንገዱ አለ። ግን ይህን የምታውቅ ስንት ሴት አለች? ብታውቅስ፣ "ባሌ ጠፍቷል" ብላ ፊርማዋን ማኖር ቀላል ነው ወይ? አንዷን ስጠይቃት "ፈርሜ ልቅበረው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለማንም በዋዛ አላነሳም። ሕግ አዋቂዎች በነፃ ቢያግዟቸው ከብዙ የንግድ ሥልጠና ይበልጣል ባይ ነኝ።

ብድር አለ ይባላል፣ አለም። በ2004 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮጀክት የቡድን ዋስትናን ትቶ ለግለሰብ ሴት ማበደርን ያስፋፋ ነው፣ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ዒላማው ግን ሥራ ላይ ያሉና ለማደግ የተዘጋጁ ሴቶች ነበሩ። በ2005 ሥራ የጀመረው እናት ባንክም ከባለ አክሲዮኖቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፣ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች የዋስትና ፈንድ አለው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትና መሬት ለሌለው ሰው መሣሪያውን፣ የንግድ ዕቃውን፣ ከብቱን እንኳ መያዣ እንዲያደርግ ፈቅዷል። በወረቀት ላይ ለእንጀራ ጋጋሪ የተጻፈ ይመስላል። ግን ምጣድና ሦስት ባልዲ የሚይዝ ባንክ እስካሁን አላየሁም። በ2014 መጨረሻ በቴሌብር የመጡት "መላ" እና "እንደ ኪሴ" የሚባሉት ብድሮች ዋስ አይጠይቁም፣ ስልክሽ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ አይተው ያበድሩሻል፣ ይህ ለኔ ትልቅ እርምጃ ነው። ችግሩ ግን ብዙዎቹ የሚይዙት ሲም በባል ወይም በወንድም ስም ነው። የሷ ንግድ ለሌላ ሰው ታሪክ ይሠራል።

እንግዲህ ምን ይሠራል? ከኛ ርቀው ያሉ ግን ታሪካቸው የሚመስል ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰሜን ኡጋንዳ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ ጦርነት ሲወጣ ክሪስቶፈር ብላትማንና ባልደረቦቹ በ120 መንደሮች ያሉ 1,800 የሚሆኑ እጅግ ድሆችን ተከታተሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 150 ዶላር፣ የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና ክትትል ተሰጠ። ከ16 ወር በኋላ ገቢያቸው እጥፍ ሆነ፣ በአብዛኛው በችርቻሮ ንግድ። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ የፕሮግራሙን ግማሽ ወጪ የበላው እየሄዱ መከታተሉ ነበር፤ ንግዱ እንዳይዘጋ ረድቷል፣ የቤተሰቡን ፍጆታ ግን አልጨመረም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያገኙት ሴቶች ቤት ውስጥ ያላቸው የመወሰን አቅም እንደ ገቢያቸው አልተለወጠም። ሦስተኛው ደግሞ የኔን ሐሳብ የሚነካው ነው። አጥኚዎቹ እነዚህ ሴቶች ከገንዘብም ሌላ ሰው ለሰው ያለ ትስስር እንደጎደላቸው አዩ፤ በቡድን እንዲደራጁ፣ እንዲቆጥቡና እንዲረዳዱ ሲደረግ ገቢያቸው ይበልጥ አደገ።

እኛ ይህን ከኡጋንዳ መማር አያስፈልገንም፣ ዕቁብና እድር አለን። ለጦርነት ተፈናቃይ ሴት የሚሠራ ፕሮጀክት ግን ሁልጊዜ አዲስ ቡድን ያቋቁማል። ተፈናቃዮችን ለብቻ ሰብስቦ፣ ስም ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ። እነሱ እርስ በርስ ዋስ መሆን አይችሉም፣ ሁሉም እንግዳ ናቸው። ነባሩ ዕቁብ ውስጥ ሲገቡ ነው ሰፈሩ የሚያውቃቸው። አንድ ድርጅት ለአስር ሴት የመጀመሪያ ስድስት ወር የዕቁብ ዋስ ቢሆን፣ ማለትም ዕጣ ከወሰዱ በኋላ ቢያቋርጡ እከፍላለሁ ብሎ ለዳኛው ቢፈርም፣ ከሥልጠና አዳራሽ ኪራይ ያነሰ ገንዘብ ነው የሚያወጣው።

ሩዋንዳም አንድ ነገር ታስታውሰኛለች። እዚያ ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሴቶች ቤተሰብና እርሻ ሲረከቡ ሕጉ አልጠበቃቸውም ነበር፤ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ እንድትወርስ የፈቀደው ሕግ በዚያው አቆጣጠር በ1999 መጣ። በስሟ የሆነ ነገር ስትይዝ ነው መያዣ የምታቀርበው። በእኛም አገር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ባይወጣ ኖሮ፣ ባል የጋራ ንብረቱን ብቻውን የሚያስተዳድርበት የድሮው አሠራር ዛሬም እነዚህን ሴቶች ባዶ እጃቸውን ባስቀረ ነበር።

ሥልጠና አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ስለ ዋጋ አተማመን፣ ስለ ስልክ ገንዘብ፣ ስለ ግብር መማር ይጠቅማል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ የተቀመጠች እንጀራ ጋጋሪ ሦስት ቀን አልጋገረችም። ሱቆቹ ሌላ ሰው ያገኛሉ። ልጅ የምታስቀምጥበትም የላትም። ሰፈራችን ውስጥ ለሕፃናት መዋያ አንድ ክፍል ቢከፈት ስንት ሴት ከቤት ወጥታ ጀበና ቡና ልትሸጥ፣ ሰንበት ገበያ ልትወጣ እንደምትችል ባየሁት ልክ መናገር እፈልጋለሁ፤ በኛ ብሎክ ዙሪያ ብቻ አራት አውቃለሁ።

ሌላም አለ፣ በእርጋታ መነገር ያለበት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተመድ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በ2014 በጋራ ያወጡት ሪፖርት በትግራዩ ጦርነት የተፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት መዝግቧል። ይህ ከንግድ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አገናኝቶታል። በሩ ተዘግቶ አንድ ወንድ የተቀመጠበት ቢሮ መግባት የማትችል ሴት አለች። ደላላ ፈርታ ውድ ቤት የምትከራይ አለች። ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ሥራ፣ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ልብስ ስፌት፣ ለምን እንደሚመርጡ ሳያውቅ "የፈጠራ ሐሳብ ይጎድላቸዋል" የሚል አሰልጣኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረዳው የሴት ሠራተኛ ያለችበት አንድ መስኮት ቢከፍት፣ መሸኛ ማግኘት የማይችሉትን በሦስት የሰፈር ምስክር ቢመዘግብ፣ የብዙ ሴት ችግር ያንኑ ወር ይቃለላል። የሰፈር ምስክርን እድሩም ፍርድ ቤቱም ይቀበላል፣ ወረዳው የማይቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

የኔዋ ጎረቤት ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ባለው ዕቁብ ገባች። ዋስ የሆኑላት እርሾ ያበደሯት የላይኛው ፎቅ እትዬ ናቸው። "ጆጉን ሞልታ የመለሰች ልጅ ናት" ብለው ለዳኛው ተናገሩ፣ አለቀ። ሰባተኛ ዕጣ ደረሳት። በብሩ አንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍና ሁለተኛ ምጣድ ገዛች፣ ቀን 120 እንጀራ ልታወጣ። ምጣድ አንዱ ብቻ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰካ የግቢው ቆጣሪ ዘጋ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ አከራይዋም የመብራት ቢሉን እያዩ ስጋት ገብቷቸዋል። የራሷን ቆጣሪ ለማስገባት የአከራይ ስምምነትና የኪራይ ውል ተጠየቀች። ውል የላትም።

ትናንት ማታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። "አብሽሪ፣ ይሆናል" አለችኝ፣ እኔ ሳላጽናናት። ሊጥ እያቦካች ነበር። አዲሱ ምጣድ ከነካርቶኑ ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ ትንሹ ልጇ ደብተሩን ላዩ ላይ ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል።